የጸሐፊ ደብተር በአማርኛ ክፍል ውስጥ፦ አጀማመሩ፣ አያያዙና አነባበቡ

የሰባተኛ ክፍል ተማሪዎቹን «ክረምቱን እንዴት አሳለፍኩ» በሚል ርዕስ አንድ አንቀጽ እንዲጽፉ ያዘዘ መምህር ምን እንደሚመለስለት አስቀድሞ ያውቀዋል። ከ60 ተማሪዎች አብዛኞቹ «እኔ ክረምቱን ቤተሰቦቼን በመርዳትና የተለያዩ መጻሕፍትን በማንበብ አሳልፌአለሁ» የሚል ዓረፍተ ነገር ይዘው ይመጣሉ። ከእነዚሁ ልጆች መካከል ግን አንዱ አያቶቹ ዘንድ ገጠር ከርሞ የሞላ ወንዝ በሬ ሲወስድ አይቷል፤ ሌላዋ ከእናቷ ጎን ጉሊት ተቀምጣ ድንች ስትመድብ ከርማለች። ጽሑፍ ማለት መምህሩ ይወደዋል ተብሎ የሚታሰበውን ዓረፍተ ነገር መርጦ ማስረከብ ነው ብለው ስለለመዱ፣ ይህ ሁሉ ወደ ወረቀቱ አይደርስም። ልማዱን ለመለወጥ ከሞከርኳቸው ዘዴዎች ሁሉ ፍሬ ያየሁበት የጸሐፊ ደብተር ነው። ደብተሩ የሚሠራው ግን አንድ ነገር ሲጠበቅለት ብቻ ነው፤ ይኸውም ተማሪው የሚያጠራቅምበት እንጂ የሚፈተንበት ቦታ አለመሆኑ ነው። ከዚህ በታች የማቀርበው አሠራር በሙሉ ይህንኑ ለመጠበቅ የተበጀ ነው።

የጸሐፊ ደብተር ተማሪው ያየውን፣ የሰማውን፣ የታዘበውንና ያስታወሰውን ባጭር ባጭሩ እየጻፈ የሚያስቀምጥበት ራሱን የቻለ ደብተር ነው። የአማርኛ ኖት አይገለበጥበትም፤ የሰዋስው መልመጃ አይሠራበትም፤ የቤት ሥራም አይታረምበትም። እንደ ጎተራ ቢታሰብ ይቀላል፤ ገበሬው ወደ ጎተራው ያስገባውን እህል ያንኑ ዕለት አይፈጨውም፣ ጊዜው ሲደርስ ግን የሚፈጨውን የሚሰፍረው ከዚያው ነው። በየቀኑ ጥቂት በጥቂት እየፈጠሩ መማር ደግሞ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። የቅኔ ተማሪ ከሁለት ቤቷ ጉባኤ ቃና ይጀምራል፤ ከጓደኞቹ ገለል ብሎ ቅኔውን ይቆጥራል፣ ማለትም በልቡ ያዘጋጃል፤ የቆጠረውን ለመምህሩ ነግሮ ይታረማል፤ በማግስቱ ሌላ ይዞ ይመጣል። ልምምዱ በቃል የሚካሄድ ቢሆንም መንገዱ አንድ ነው፤ ማንም ተማሪ በመጀመሪያው ሳምንት ረጅሙን የቅኔ ዓይነት፣ መወድስን፣ እንዲቀኝ አይጠየቅም። የእኛ ተማሪ ግን በመንፈቅ ዓመት ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ብቻ ድርሰት ጻፍ ይባልና በእነዚያው ላይ ማርክ ይሰጠዋል።

ደብተሩን ማዘጋጀት

በሳምንት ሁለት ጊዜ በክፍል ውስጥ የሚጻፍ ከሆነ ባለ 50 ሉክ ደብተር ለአንድ መንፈቅ ዓመት በደንብ ይበቃል። መግዛት ለሚከብዳቸው ቤተሰቦች ካለፈው ዓመት ደብተሮች ያልተጻፈባቸውን ሉኮች ሰብስቦ በመርፌና በክር መስፋት ይቻላል፤ እንዲያውም በዚህ መንገድ የተሠሩትን ደብተሮች ባለቤቶቻቸው ይበልጥ ሲሳሱላቸው አይቻለሁ። ሽፋኑን ተማሪው እንደወደደ ይለብጠው።

ተማሪዎቹ በቀኝ በኩል ባለው ገጽ ላይ ብቻ እንዲጽፉ ያድርጉ፤ የግራው ገጽ ባዶ ይቆይ። ይህ ወረቀት ማባከን የሚመስላቸው ወላጆች ይኖራሉ፣ እነርሱንም ማስረዳት ተገቢ ነው፤ ከሳምንታት በኋላ ተማሪው ወደ ጻፈው ተመልሶ የሚጨምረውን ሁሉ የሚያሰፍረው በዚህ በግራው ገጽ ላይ ነው። በእያንዳንዱ ጽሑፍ ራስጌ ቀኑ ይጻፍ። የደብተሩ የመጨረሻ አምስት ሉኮች ደግሞ ተማሪው ሰምቶ ለወደዳቸው ቃላት ተለይተው ይቀመጡ።

ደብተሩ የት ይደር የሚለው ጥያቄ ቀላል ቢመስልም ሊታሰብበት ይገባል። በፈረቃ በሚያስተምር ትምህርት ቤት አንዱ ክፍል በጠዋትና ከሰዓት በተለያዩ ተማሪዎች ስለሚያዝ በክፍል ውስጥ ትቶ መሄድ አይቻልም፤ በካርቶን ሰብስቦ መምህራን ክፍል ማስቀመጥም ልጁን ከደብተሩ ይለየዋል። የእኔ ምርጫ ከልጁ ጋር ወደ ቤት እንዲሄድ ነው፤ መጻፍ የሚገባው ነገር የሚበዛው ከትምህርት ቤት ውጭ ነውና። ረስቶ ለመጣ ተማሪ ነጠላ ወረቀት ይሰጠውና በማግስቱ በደብተሩ ላይ ይለጥፈዋል፤ በዚህ ምክንያት ልጁን መቆጣት አያስፈልግም።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት

በመጀመሪያው ቀን ስለ ደብተሩ ጥቅም ረጅም ማብራሪያ አይስጡ። ይልቁንስ የራስዎን ደብተር ይዘው ገብተው አንድ ገጽ ያንብቡላቸው። እ.ኤ.አ. በ1974 በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሊ ተጀምሮ በኋላ በመላው አሜሪካ የተስፋፋው የጽሑፍ መምህራን ፕሮጀክት መነሻ ካደረጋቸው እምነቶች አንዱ ጽሑፍ የሚያስተምር መምህር ራሱ መጻፍ አለበት የሚል ነው፤ በእኔም ክፍል ከዚህ የበለጠ የሠራ ነገር የለም። የሚነበበው ገጽ ያማረ መሆን የለበትም። እኔ የመጀመሪያውን ዓመት ያነበብኩላቸው ጠዋት ታክሲ ስጠብቅ ስለታዘብኳቸው ጫማዎች የጻፍኳቸውን ስምንት መስመሮች ነበር፤ ሁለቱ መስመሮች የተሰረዙ ሲሆኑ መሰረዛቸውንም አሳየኋቸው። ከዚያ «አሁን ሁላችንም አሥር ደቂቃ እንጽፋለን» ብለው ከእነርሱ ጋር ቁጭ ብለው ይጻፉ።

ከ40 ደቂቃው ክፍለ ጊዜ የመጀመሪያዎቹ አሥር ደቂቃዎች ይበቃሉ። ደንቡ ደውሉ ተደውሎ ሁሉም እንደተቀመጠ ያለ ወሬ መጻፍ መጀመር ነው፤ እስክሪብቶ አይቆምም፣ ወረቀት አይቀደድም፣ ያልወደዱትን በአንድ መስመር ሰርዞ ማለፍ እንጂ አጥቁሮ ማጥፋት አያስፈልግም። በእነዚህ ደቂቃዎች መምህሩ በረድፎች መካከል እየተዘዋወረ በትከሻ ላይ የሚያነብ ከሆነ ነገሩ ሁሉ ይበላሻል፤ ልጆቹ ወዲያውኑ ገጹን በክንዳቸው መሸፈን ይጀምራሉ።

«ቲቸር፣ ምን ልጻፍ?» የሚለው ጥያቄ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ሳያቋርጥ ይመጣል። ርዕስ መስጠት ቀላሉ መውጫ ነው፤ ነገር ግን ርዕስ በተሰጠ ቁጥር ተማሪው ወደለመደው «በአሁኑ ጊዜ ትምህርት ለሰው ልጅ ወሳኝ ነው» ወደሚለው መግቢያው ይመለሳል። ከርዕስ ይልቅ ትንሽ ጥያቄ ይሻላል፤ «ዛሬ ከቤት ስትወጪ በሩን ማን ዘጋው?»፣ «መንገድ ላይ መጀመሪያ የሰማኸው ድምፅ ምን ነበር?» የሚል። ልጁ መልሱን በቃሉ ይነግርዎታል፤ ያን ጊዜ «እሱኑ ጻፈው» ማለት ብቻ ይቀራል። ሦስት መስመር ጽፎ የጨረሰም ተማሪ ሦስት መስመር አለው፤ ገጽ ያልሞላ ልጅ እንዳላጠናቀቀ ከተቆጠረበት ቀሪውን በባዶ ቃላት መሙላት ይማራል።

ደብተሩን የሚሞሉ ልምምዶች

ነጻ ጽሑፍ ብቻውን ሁሉን ተማሪ አይዝም፤ በተለይ ዝም የሚሉት ልጆች የሚነሡበት ድጋፍ ይፈልጋሉ። በመጀመሪያው ወር ከቤት እስከ ትምህርት ቤት ያለውን መንገድ በእጅ የተሣለ ካርታ አድርገው እንዲያዘጋጁ ማድረግ ጥሩ ነው። ወፍጮ ቤቱ፣ ጉሊቱ፣ ቦኖ ውሃው፣ ውሻ የሚያባርርበት ጥግ፣ ጓደኛው ድሮ ይኖርበት የነበረው ቤት ሁሉ ይሣላል፤ ከዚያ በየሳምንቱ ከካርታው ላይ አንድ ቦታ ተመርጦ እዚያ የሆነ አንድ ነገር ይጻፋል። አንድ ካርታ እስከ ጥምቀት ድረስ ሲያጽፍ አይቻለሁ።

ገለጻን ለማስተማር ደግሞ ልጆቹ ከቤታቸው ይዘውት የሚመጡት መሣሪያ አለ፤ እርሱም እንቆቅልሽ ነው። ተማሪው ከቤቱ አንድ ዕቃ ይመርጣል፤ ጀበና፣ ሰፌድ፣ ጄሪካን ወይም ሌላ፤ ስሙን ሳይጠራ በአምስት መስመር ይገልጸዋል፤ ከዚያ «እንቆቅልሽ» ብሎ ለጎረቤቱ ያነብለታል። ጎረቤቱ «ምን አውቅልሽ» ብሎ ሰምቶ ካላወቀው አገር ይሰጣል። አንዲት ተማሪ «ሆዷ ጠቁሯል፣ አንገቷ ቀጥኗል፤ እንግዳ በመጣ ቁጥር እሳት ላይ የምትጣደው እሷ ናት» ብላ ስታነብ ክፍሉ በአንድ ድምፅ «ጀበና!» አለ። በዚያ ዕለት ስለ ገለጻ ምንም ትርጉም በሰሌዳ ላይ አልጻፍኩም፤ አላስፈለገምም።

ጆሮን የሚያሠለጥን ልምምድም ያስፈልጋል። ተማሪዎቹ በሳምንቱ ውስጥ የሰሙትን አንድ ዓረፍተ ነገር፣ በታክሲ ውስጥ ይሁን በወፍጮ ቤት ወይም በቡና ላይ፣ ተናጋሪው እንዳለው ሳያስተካክሉ ይዘው ይምጡ። የሰውየው ስም አይጻፍም፤ ይህን ማሳሰብ የሐሜት በር እንዳይከፈት ይረዳል። ወፍጮ ቤት ወረፋ ሲጠብቅ የነበረ አንድ ልጅ አንዲት አሮጊት ለወፍጮ ፈጪው «ልጄ፣ ጤፌን እንጂ ዕድሜዬን እንዳትፈጭብኝ» ሲሉ ሰምቶ ጽፎ መጣ። ያንን ዓረፍተ ነገር በሰሌዳ ላይ ጽፈን «ቶሎ በል» ከማለት በምን እንደሚለይ ግማሽ ክፍለ ጊዜ ተነጋገርንበት።

ከሁሉ በላይ ግን ጊዜ ሊሰጠው የሚገባው የግስ ልምምድ ነው። አማርኛ በግስ የበለጸገ ቋንቋ ሆኖ ሳለ የተማሪዎቻችን ጽሑፍ «ሄደ»፣ «መጣ» እና «ነበር» ብቻ እየደጋገመ ያልቃል። ሰሌዳው ላይ «ሽማግሌው ወደ ቤታቸው ሄዱ» ብለው ይጻፉና «እንዴት ነው የሄዱት?» ብለው ይጠይቁ። አዘገሙ፣ ተንገዳገዱ፣ ገሰገሱ፣ ሾልከው ገቡ እያለ ክፍሉ ሰሌዳውን ይሞላዋል፤ እያንዳንዱ ግስ ሌላ ሽማግሌ ይዞ እንደሚመጣም ልጆቹ ራሳቸው ያስተውላሉ። በሚቀጥለው ጊዜ ደግሞ «አለ» የሚያጅባቸውን ይውሰዱ፤ ብድግ አለ፣ ድንግጥ አለች፣ ኩምትር አለ፣ ሽምቅቅ አለች። «ተነሣ» መነሣቱን ብቻ ሲነግረን «ብድግ አለ» ግን ፍጥነቱን ጭምር ያሳያል። እነዚህ ቃላት በልጆቹ አፍ ላይ ያሉ ናቸው፤ ለትምህርት ቤት ጽሑፍ አይመጥኑም ብለው በመገመት በር ላይ ጥለዋቸው ይገባሉ። የተሰበሰቡት ግሶች በደብተሩ መጨረሻ በተለዩት ሉኮች ላይ ይሰፍራሉ።

በቤታቸው ኦሮምኛ፣ ጉራጌኛ፣ ትግርኛ ወይም ሌላ ቋንቋ የሚናገሩ ተማሪዎች የአማርኛ ቃሉ ሲጠፋባቸው በራሳቸው ቋንቋ ጽፈው እንዲያልፉ ይፈቀድላቸው። አያቱ የተናገሩትን በአያቱ ቋንቋ የጻፈ ልጅ ሐሳቡን አላቋረጠም፤ ትርጉሙን በግራው ገጽ ላይ በሌላ ቀን ሊፈልግ ይችላል።

የመምህሩ ንባብና መልስ

በመጀመሪያው ዓመት የሠራሁት ስሕተት ዛሬም ይቆጨኛል። ደብተሮቹን ሰብስቤ ቤቴ ወስጄ እያንዳንዱን የፊደልና የሥርዓተ ነጥብ ግድፈት በቀይ እስክሪብቶ አረምኩ፤ በትጋት የሠራሁት ስለመሰለኝም ደስ ብሎኝ መለስኩ። ስለ ታናሽ ወንድሟ ሕመም ሁለት ገጽ ሙሉ ጽፋ የነበረች ተማሪ ገጾቿ ቀልተው ሲደርሷት ደብተሩን ዘጋችው። ከዚያ በኋላ በየጊዜው የምትጽፈው ስሕተት የማይገኝባቸው ሦስት አጫጭር ዓረፍተ ነገሮች ብቻ ሆነ፤ እስከ ዓመቱ መጨረሻም እንዲሁ ቀጠለች። ወንድሟ ተሽሎት እንደሆነ እንኳ አልጠየቅኋትም ነበር።

ከዚያ ወዲህ በደብተሩ ላይ ራይትም ኤክስም አላደርግም። አንድ ገጽ አነባለሁ፤ በእርሳስ አንድ ጥያቄ እጽፋለሁ። ጥያቄው ተማሪው ያየውን እኔም እንዳይ የሚያደርግ መሆን አለበት። አንድ ተማሪ «ትናንት ማታ ኃይለኛ ዝናብ ዘነበ። ቤታችን ያፈስሳል።» ብሎ ጽፎ አቆመ። «የሚያፈስሰው የት ላይ ነው? ምን ታደርጉለታላችሁ?» ብዬ ጻፍኩለት። በሚቀጥለው ሳምንት በግራው ገጽ ላይ ይህ ነበር፦ «እናቴ ድስት ታስቀምጥለታለች። ድስቱ ባዶ ሲሆን ጠን ጠን ይላል። ውሃው ሲጨምር ጠብ ጠብ ይላል። ድምፁ ሲቀየር እናቴ ተኝታም ብትሆን ትነቃለች።» «ጎበዝ» ወይም «አስፋፋው» ብዬ ብጽፍለት ኖሮ ይህን የመጨረሻ ዓረፍተ ነገር አላገኘውም ነበር።

የፊደል ጉዳይ ብዙ መምህራንን ያስጨንቃል፤ ጭንቀቱም ተገቢ ነው። ሀ፣ ሐ እና ኀ፣ ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀ በድምፅ አንድ ስለሆኑ ልጁ «ዓመት» ሊል ሲነሣ በየትኛው ልጻፍ ብሎ ከቆመ ሐሳቡ ያመልጠዋል። ስለዚህ በደብተሩ ላይ በመጣለት ፊደል ይጻፍ፤ መታረም የሚገባው ጽሑፉ ለሌላ ሰው ሊነበብ ሲዘጋጅ ነው፤ ያን ጊዜም በጥብቅ ይታረም። መምህሩ ግን እያነበበ ብዙዎች የሚሳሳቱባቸውን በራሱ ማስታወሻ ይያዝ፤ አሥራ አምስት ልጆች አራት ነጥብ ሳያደርጉ ዓረፍተ ነገር በዓረፍተ ነገር ላይ ከደረቡ ለሚቀጥለው ሳምንት የሰዋስው ትምህርት ርዕሱ ተገኘ ማለት ነው።

በተማሪ ብዛት ምክንያት ይህ አይቻልም የሚል መምህር ሒሳቡን ይሥራው። 60 ተማሪዎች በአምስት ምድብ ቢከፈሉ በቀን 12 ደብተር ይደርሳል፤ ተማሪው አንብቡልኝ ብሎ የመረጠውን አንድ ገጽ ብቻ ለማንበብ ሁለት ደቂቃ ቢፈጅ በቀን 24 ደቂቃ ነው። ሦስት ክፍል የሚያስተምር መምህር 180 ደብተሮችን በሁለት ሳምንት አንድ ዙር ቢያዳርስ በቀን 18 ደብተር፣ 36 ደቂቃ ይሆንበታል። ይህ ቀላል ጫና ነው አልልም፤ ሁሉንም ገጽ ለማንበብ የተነሣ ግን በጥቅምት ይሰለቻል፣ ደብተሩም አብሮ ይቆማል።

ልጆች ማንም እንዲያየው የማይፈልጉትን ነገር ይጽፋሉ። ገጹን ወደ ውስጥ ካጠፉት አላነብም፤ ይህን ቃል ሰጥቶ አንድ ጊዜ ማጠፍ አመኔታን ለዓመቱ በሙሉ ያሳጣል። ሌላውም ነገር ገና በመጀመሪያው ቀን ሊነገራቸው ይገባል፤ ባልታጠፈ ገጽ ላይ አንድ ልጅ እየተጎዳ መሆኑን ካነበብኩ ዝም አልልም፣ መጀመሪያ ከልጁ ጋር ለብቻ እነጋገራለሁ፣ ቀጥሎም በትምህርት ቤቱ ኃላፊነት ለተሰጠው ሰው አሳውቃለሁ። እንዲህ ያለውን ገጽ ክፍት አድርጎ የሚያስረክብ ልጅ ብዙውን ጊዜ እንዲነበብለት ፈልጎ ነው።

ከደብተር ወደ ድርሰት

በየአምስት ሳምንቱ ገደማ አንድ ክፍለ ጊዜ ለምርጫ ይሰጥ። ተማሪው የጻፈውን ሁሉ ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ አንብቦ ሊያሳድገው የሚፈልገውን አንድ ጽሑፍ ያከብበዋል፤ በግራው ገጽ ላይ የጎደለውን ይጨምራል፤ ከዚያ በነጠላ ወረቀት ላይ እንደ አዲስ ይጽፈዋል። ከጎኑ የተቀመጠው ጓደኛው ያነብለትና ያልገባውን አንድ ቦታ ብቻ ያሳየዋል። እዚህ ላይ ነው ቀዩ እስክሪብቶ ሥራውን የሚጀምረው፤ አንቀጹ፣ የፊደል አጠቃቀሙ፣ ነጠላ ሰረዙና ድርብ ሰረዙ ሁሉ ይታያል። ካርታው፣ እንቆቅልሹና የተሰበሰቡት ግሶች ምን እንዳፈሩ የሚታወቀውም በዚህ ወረቀት ላይ ነው።

ማርክን በተመለከተ በተከታታይ ምዘናው ውስጥ ለደብተሩ አምስት ነጥብ እሰጣለሁ፤ ይህም የሚታሰበው ተማሪው በየክፍለ ጊዜው በመጻፉ ብቻ እንጂ በጻፈው ጥራት አይደለም። ተጠናቆ የሚቀርበው ድርሰት ግን እንደማንኛውም ሥራ በይዘቱ፣ በአወቃቀሩና በቋንቋው ይመዘናል። ሁለቱ ከተቀላቀሉ ልጆቹ ለማርክ ሲሉ ደብተሩን ማሳመር ይጀምራሉ።

የተጠናቀቁት ጽሑፎች ከመምህሩ ሌላ ሰሚ ሊያገኙ ይገባል። ባለቤቱ ከፈቀደ በዕረፍት ሰዓት በሚኒ ሚዲያ ይነበባሉ፣ በክፍሉ ግድግዳ ላይም ይለጠፋሉ፤ ለወላጆች ቀን አሥር ያህሉን በአንድ ላይ ሰፍቶ ማቅረብም ይቻላል። የድስቱን ታሪክ የጻፈው ልጅ በሚኒ ሚዲያ እንዲያነበው ስጠይቀው መጀመሪያ እናቱን ላስፈቅድ ብሎ አንድ ቀን ወሰደ፤ በማግስቱ «ድስቱን ብቻ አንብብ፣ ጣራውን ተወው አለችኝ» ብሎ መጣ፤ እርሱም እንደተባለው አሳጥሮ አነበበው።

በሰኔ የመጨረሻው ሳምንት ደብተሮቹ አይሰበሰቡም። ተማሪዎቹ የመስከረሙን የመጀመሪያ ገጻቸውንና የቅርቡን ገጽ ጎን ለጎን አንብበው ምን እንደተለወጠ በግማሽ ገጽ ይጽፋሉ፤ ያን ግማሽ ገጽ ብቻ ቀድደው ለእኔ ይሰጡኛል፣ ደብተሩ ግን ከእነርሱ ጋር ወደ ቤት ይሄዳል። ግማሽ ገጾቹን በአንድ ካርቶን ውስጥ አስቀምጣቸዋለሁ፤ ነሐሴ ማብቂያ ላይ ለአዲሶቹ ተማሪዎች ስዘጋጅ መጀመሪያ የማነበው እነርሱን ነው።